ግመሉ ለፎቶ ብቻ ነው እንዴ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የደብረ ማርቆስ ሰው ነኝና በረሃ ሲባል የማውቀው የዓባይን ነበር። በጥር አንድ አስጎብኚ ድርጅት «ከግመል ጋር የእግር ጉዞ» ብሎ ባስተዋወቀው አጭር ጉብኝት ወደ ዳሎል ወረድሁ። ከትግራይ ደጋ ወደ በርሃሌ የሚያወርደው መንገድ ብቻውን የከፈሉትን ብር ያስረሳል፤ ተራራው እየተጠማዘዘ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለው የጨው ሜዳ ያደርሳል።

ቅሬታዬ ግመሉ ላይ ነው። አወጡን፣ ፎቶ አነሱን፣ አወረዱን፤ አለቀ። አንድ አፋር ባለግመል ግን ተጠርቦ የወጣው የጨው አሞሌ እንዴት እንደሚጫን ሊያሳየን ጀምሮ ነበር። ጭነቱ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ግመሉ እንደሚገጠብ፣ ጎኑን እየደባበሰ በአስተርጓሚ ነገረን። አስጎብኚው «መሸ» ብሎ ገፋፍቶ መኪና ውስጥ ከተተን።

ለእኛ ለጎጃሞች እኮ ይህ ጨው ባዳ አይደለም! በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሶ ገበያ፣ የጁቤ አካባቢ፣ ከዓባይ ማዶ የመጣ ቡናና ወርቅ ሲሸጥ አሞሌ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። በጉዞው ሁሉ ስለዚህ ትንፍሽ ያለ የለም።

አስጎብኚዎች ሆይ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ማለዳ ተነሥተን ከሲራራው ጋር ጥቂት እንራመድ። ማስታወቂያው ላይ የጻፋችሁት ይህንኑ ነው። ባለግመሉም ስለሚያውቀው ነገር ያስረዳ፣ ላስረዳበትም ይከፈለው።

አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ