ጥቁር ድንጋይ ሁሉ ከሰማይ አልወረደም

የተከበሩ አዘጋጅ፦

«ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ተገኘ» የሚል ዜና ሲደርሳችሁ፣ ከማውጣታችሁ በፊት ድንጋዩ የት እንደተገኘ ጠይቁልን። ወሎ ከሆነ ጥርጣሬው ሊበረታ ይገባል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ሲወረድ መንገዱ የቆረጠው ገደል አብዛኛው ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ። ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው፣ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ስላለበት ማግኔትም ይስበዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ላዩን ማየት ነው። አየር ሰንጥቆ ሲወርድ የቀለጠው ቅርፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር አይወፍርም። አንድ ጥጉን በሞረድ ሞረድ ቢያደርጉት፣ በተለመደው የሰማይ ድንጋይ ከቅርፊቱ ሥር ነጣ ያለ ግራጫ ይወጣል፤ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ የብረት ነጠብጣቦችም ይታያሉ። ባዛልት ውስጥ ያለ ማዕድንም ያንጸባርቃልና ድንጋዩን እያዟዟሩ ማየት ያስፈልጋል፤ ማዕድኑ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ብረቱ ግን በየትም ቢዞር ብረት ነው። እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ከሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም ከብረት ማቅለጫ የተጣለ ዝቃጭ ነው ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ሚዛን። በዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ድንጋዩን በደረቁ ይመዝኑ፤ 500 ግራም ሆነ እንበል። ከዚያ ውኃ የያዘ ጣሳ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱና ድንጋዩን በክር አንጠልጥለው ሙሉ በሙሉ ያጥልቁት። ሚዛኑ 175 ካለ፣ 500 ለ175 ሲካፈል 2.86 ይሆናል፤ ከእኩል መጠን ውኃ 2.86 እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው፤ ባዛልት ሳይሆን አይቀርም። 145 ካለ 3.45 ነው፤ ይሄ ሊመረመር ይገባዋል። ድንጋዩ የጣሳውን ታች ከነካ ወይም የአየር አረፋ ከተጣበቀበት ቁጥሩ ይበላሻል። ሄማታይት የሚባለው የብረት ማዕድንም ከባድ ስለሆነ ክብደት ብቻውን አይበቃም፤ ባልተለበጠው የሴራሚክ ጀርባ ላይ ሲፋቅ ቀይ መስመር ከተወ ሄማታይት ነው።

ጠንካራ ማግኔት አታስነኩት ብላችሁ ጻፉልን። ሰሃራ ውስጥ የተገኘውና ኖርዝዌስት አፍሪካ 7034 የሚባለው የማርስ ድንጋይ የጥንቷን ማርስ መግነጢስ የሚናገር አሻራ ሊኖረው ይችል ነበር፤ ሰዎች ለሙከራ ባስጠጉት ማግኔት ተደምስሷል። በጣም ያሳዝናል። ኮምፓስ ማስጠጋት ይበቃል፤ መርፌው ከዞረ ብረት ወይም ማግኔታይት አለው።

ሲወድቅ የታየ ከሆነ ግን ውኃም ሞረድም አይንካው። በእጅ ሳይነኩ በንጹሕ ፎይል ጠቅልሎ በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ፣ ቦታውንና ሰዓቱን መጻፍ ነው። በ2021 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ ዊንችኮምብ የወደቀው ድንጋይ በሰዓታት ውስጥ ስለተለቀመ ውስጡ ያለውን ውኃ ከምድር ውቅያኖስ ውኃ ጋር ማነጻጸር ተችሏል። የናሳ ኦሳይረስ-ሬክስ መንኮራኩር ቤኑ ከተባለችው አስትሮይድ (ፀሐይን የምትዞር ትንሽ የጠፈር አለት) 121.6 ግራም ለማምጣት ሰባት ዓመት ፈጅቶባታል፤ ደጃፍ ላይ የወደቀ ድንጋይ እንዴት በሳሙና ይታጠባል?

ፈተናውን ያለፈ ድንጋይ ካለ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምድር ሳይንስ ክፍል ይታይ። በዓለም አቀፉ የሰማይ ድንጋዮች መዝገብ እንዲገባ 20 ግራም፣ ትንሽ ከሆነ ደግሞ የክብደቱ 20 በመቶ፣ በምርምር ተቋም መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ባለቤቱ ሳያስመረምር ሰባብሮ እንዳይሸጠው ከዜናው ጋር አብራችሁ አውጡልን።

የሥነ ምድር መምህራን፣ ከደሴ