ኢንተርኔት ላይ ስንፈልግ የመልሱን ቃል እንጻፍ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ብዙ ሰው ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ሰው የሚጠይቅ ይመስል ሙሉ ጥያቄ ይጽፋል። ጎግል ይህንንም መረዳት ለምዷል፤ ከበድ ላለ ጉዳይ ግን የሚያዋጣው መልሱ ባለበት ገጽ ላይ ሊኖሩ የሚችሉትን ቃላት መጻፍ ነው። «ኮምፒውተሬ ለምን ይግላል?» ከማለት «ላፕቶፕ ሙቀት ማራገቢያ ጽዳት» ማለት ቶሎ ወደ ጥገና መመሪያ ያደርሳል። ውጤቱ ካላረካ ቃል ከመደራረብ ቃል መቀየር ይሻላል። የመጀመሪያው ፍለጋ ትልቁ ጥቅሙ ባለሙያዎቹ ነገሩን ምን ብለው እንደሚጠሩት ማሳየቱ ነው፤ ሁለተኛው በዚያ ስም ይሁን።

ቃላቱ እንደተከታተሉ እንዲገኙ ሐረጉን በትእምርተ ጥቅስ ማጠር ነው። ለኮምፒውተር የስህተት መልእክት ይህን የሚያክል ዘዴ የለም። ከመልእክቱ ውስጥ ግን የራስን የተጠቃሚ ስምና የፋይል አድራሻ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ሌላ ሰው ገጽ ላይ ስለማይገኙ ፍለጋውን ባዶ ያስቀሩታል። በአማርኛ ጥቅሱ ሌላም ጣጣ አለው። «ፀሐይ» ብለን ስናጥር «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈው ሊያመልጠን ይችላል። ስለዚህ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ያሉበትን ቃል በየአጻጻፉ መሞከር ነው። አሰልቺ መሆኑ አይካድም። በአጻጻፎቹ መካከል «ኦር»ን በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት (OR) ማስገባት ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመፈለግ ያስችላል።

የማይፈለግ ነገር ውጤቱን ሲያጥለቀልቀው ከቃሉ ፊት የመቀነስ ምልክት ይደረጋል። በአንድ ድረ ገጽ ውስጥ ብቻ ለመፈለግ ደግሞ «ሳይት» በእንግሊዝኛ ፊደል (site) ተጽፎ፣ ሁለት ነጥብ (:) ተከትሎት አድራሻው ይገባል። ሁለቱም የሚበላሹት በአንድ ምክንያት ነው፦ ከምልክቱ በኋላ ክፍት ቦታ ሲተው። የፋይል ዓይነት የሚለየው «ፋይልታይፕ»ም በዚሁ አጻጻፍ ከፒዲኤፍ ጋር ሲጻፍ (filetype:pdf) በፒዲኤፍ ፋይል የተቀመጡ ሪፖርቶችንና መመሪያዎችን ያወጣል።

ጊዜን መገደብ ከፍለጋው ሳጥን በታች ባለው የመሣሪያዎች ዝርዝር ይቻላል፤ ሆኖም የሚታየው ቀን ገጹ የታደሰበት እንጂ የተጻፈበት ላይሆን ስለሚችል ውስጡን ገብቶ ማየት ነው። ከላይ «ስፖንሰርድ» የሚል ምልክት ያለበት ደግሞ ማስታወቂያ ነው።

ለጋዜጣችሁም አንድ ጥያቄ አለን፦ በድረ ገጻችሁ ለምታወጡት ጽሑፍ ሁሉ የታተመበትን ቀን በግልጽ አስፍሩ፤ የሰውና የቦታ ስሞችንም ሁልጊዜ በአንድ አጻጻፍ ጻፉልን።