ሳሙና የሌለው የጤና ትምህርት

ለአዘጋጁ፦

የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን ደብተሯ ላይ «እጃችንን በሳሙና እንታጠብ» የሚል ማስታወሻ አየሁ፤ ትምህርት ቤቷ ስሄድ ግን መጸዳጃው አጠገብ ያለው ቧንቧ ደርቋል፣ ሳሙና ደግሞ ጭራሽ የለም። ታዲያ ልጆቹ በምን ይታጠቡ? የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኔስኮ በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጤናን የሚያጎለብቱ ትምህርት ቤቶች መስፈርት ጤናን ለሳይንስ መምህሩ ብቻ አይተወውም፤ አመራሩን፣ ወላጁን፣ ግቢውን፣ የልጁን ስሜት ጭምር አንድ ላይ ያያል። በዚህ ብርድ ባዶ ሆዱን መጥቶ ዴስክ ላይ የተደፋውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት ቁርስ በልቶ እንደሆነ እንጠይቀው እንጂ! የስፖርት ክፍለ ጊዜም ለሒሳብ ማካካሻ አይወሰድ። በሚቀጥለው የወላጅ ስብሰባ ከውጤት በፊት ስለ ቧንቧው እናውራ፣ እኔ ለጥገናው የድርሻዬን አዋጣለሁ።

አንድ ወላጅ፣ ሰሜን ሸዋ