ሆስፒታሉ ያረፈበት ሜዳ፦ የቤዝቦል ክበባችን የዓመቱ ዘገባ

መስከረም ላይ እዚህ ዋሽንግተን ባለው የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን በተደረገው የወላጆች ስብሰባ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «መምህር፣ እኔ ልጄን ቅዳሜ ቅዳሜ የማመጣው አማርኛ እንዲማር ነው። ቤዝቦሉንማ ሰኞ ከሚሄድበት ትምህርት ቤት ያገኘው የለ?» አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ያን ቀን አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋቸውም። አሁን ግን መልስ አለኝ፤ ይህን ዘገባም የምጽፈው ለእሳቸው ጭምር ነው።

17 ልጆች ዓመቱን ሙሉ በአማርኛ ሲከራከሩ ከረሙ። ማንም አላስገደዳቸውም። ክፍል ውስጥ «አማርኛ ተናገሩ!» እያልን የምንለምናቸው እነዚሁ ልጆች፣ ክበቡ ውስጥ ቃል ሲያጥራቸው እየተናደዱ «ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። በዚህ ትምህርት ቤት ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይህን ጥያቄ ሳልለምናቸው የምሰማው በዚህ ክበብ ብቻ ነው።

ክበቡ የያዘው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ታላቅ ቡድን የሚባለው የትኛው ነው? ሁለትም ከዚያ በላይም እየሆኑ አንድ አንድ ቡድን መረጡ፣ አነበቡ፣ ከዚያ ቆመው ተሟገቱለት። ስብሰባችን በየሁለት ሳምንቱ ከትምህርት በኋላ ለአንድ ሰዓት ነበር። በረዶ ሦስቱን አሰረዘብን። መጀመሪያ ከተመዘገቡት 21 ልጆች አራቱ ለቀቁ። ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ልናደርግ ያሰብነው ግጥሚያም ሳይሳካ ቀረ። እነዚህን እዚህ ላይ ልተዋቸው።

መጀመሪያ የተቸገርነው በቃላት ነው። የሚወረውረው ወርዋሪ፣ የሚመታው መቺ ተባለ። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳሷን የሚይዘው «ቀላቢ» ይባል ስል አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ አልተቀበለችኝም። «ቀላቢማ የሚያበላ ሰው ነው። አያቴ ‹ስንት ዓመት ቀልቤሃለሁ› ትለዋለች አጎቴን» አለች። እውነቷን ነው። አንድ ቃል ሁለት ሥራ እንደሚሠራ፣ ከአየር ላይ መያዝም ቀለብ መስጠትም «መቅለብ» እንደሚባል ያን ቀን ተማሩ። ሯጩ ዞሮ የሚመለስበትን ሆም ፕሌት ደግሞ «ቤት» አሉት። ነጥብ ሲቆጠር «ቤት ገባ!» ብለው ይጮሃሉ። ይህን ቃል ያወጡት ራሳቸው ናቸው።

የአንዱ ልጅ አያት አንድ ቅዳሜ ሊወስዱት መጥተው ጥቂት ቆመው አዩን። «ይሄ እኮ የኛ ገና ነው። ዱላ አለ፣ እሩር አለ፣ ሩጫ አለ» አሉ። ከዚያ ወንበር ተሰጣቸውና እንዴት እንደሚጫወቱት አወሩላቸው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ልጆቹ በቃላቸው ያዙት። ክርክሩ ሲሞቅም አንዱ ሌላውን ለማብረድ ይጠቀምበት ጀመር።

ወደ ቡድኖቹ ልግባ።

የ1927ቱን ኒው ዮርክ ያንኪስ የያዙት ልጆች ሥራቸው ቀላል መስሏቸው ነበር። 110 ጨዋታ አሸንፈው 44 የተሸነፉ፣ በወርልድ ሲሪስም፣ ከሰባት ጨዋታ አራቱን ቀድሞ ያሸነፈ የዓመቱን ዋንጫ በሚወስድበት ግጥሚያ፣ ፒትስበርግን 4 ለ 0 የጠራረጉ ናቸው። ተጫዋቻቸው ቤብ ሩዝ በዚያ ዓመት 60 ሆም ረን መታ፤ ሆም ረን የሚባለው ኳሷን ከሜዳው አጥር አሳልፎ መምታት ነው። ከያንኪስ ውጪ ከነበሩት የአሜሪካን ሊግ ሰባት ቡድኖች አንዱም እንኳ፣ ሁሉም ተጫዋቾቹ ተደምረው፣ ያን ያህል አልመቱም። ሉ ጌሪግ ደግሞ 47 ጨመረ። ሙግቱ እዚህ ላይ ያበቃ መሰለኝ።

ቀጥለው የሲያትል ማሪነርስ ጠበቆች ተነሡ። የ2001ዱ ማሪነርስ 116 ጨዋታ አሸንፏል። ከያንኪስ በስድስት ይበልጣል። «ቁጥር ከሆነ የምታወሩት የኛ ይበልጣል» አሉ። ያ ቡድን ግን ወርልድ ሲሪስ እንኳ አልደረሰም። አንዷ ብድግ ብላ «ድግሱ አለ፣ ሙሽሮቹ ግን የሉም» አለቻቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጆቹ ግን እጅ አልሰጡም። አንድ ክረምት ሙሉ ከማንም በላይ መጫወት ራሱ ታላቅነት ነው ብለው እስከ መጨረሻው ጸኑ። እኔ በሐሳባቸው አልስማማም፤ አጸናናቸውን ግን አከብራለሁ።

የ1955ቱን ብሩክሊን ዶጀርስ የያዙት እህትማማቾች ነበሩ። ዶጀርስ ከ1941 ጀምሮ አምስት ጊዜ ወርልድ ሲሪስ ላይ ከያንኪስ ጋር ተገናኝተው አምስቱንም ተሸንፈዋል። በስድስተኛው ግጥሚያቸው ግን፣ በመጨረሻው በሰባተኛው ጨዋታ፣ የ23 ዓመቱ ጆኒ ፖድረስ ወርውሮ 2 ለ 0 አሸነፉ። ታላቅየዋ «ጃኪ ሮቢንሰን ቀለሙ ጥቁር ስለሆነ ይሰደብ ነበር፤ ግን በየዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። እኔ ብሆን እቀር ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም።

የከተማችንን ናሽናልስ የያዙት አራት ልጆች ነበሩ። በ2019 ክረምቱ ሳይገባ ቡድኑ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦባቸው ነበር። እኔ ያኔ ማታ ማታ ታክሲ እነዳ ስለነበር ከስታዲየሙ የማወጣቸው ተሳፋሪዎች ምን ይሉ እንደነበር አልረሳም። ቡድኑ ግን ዓመቱን 93 ለ 69 ጨረሰ። በወርልድ ሲሪስ የገጠሙት በመደበኛው ውድድር 107 ጨዋታ ያሸነፈውን ሂዩስተንን ነው። በሰባቱም ጨዋታዎች ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ሆነ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። ናሽናልስ ሜዳቸው ላይ ሦስቱንም ተሸንፈው አራቱን ሂዩስተን ሄደው አሸነፉ። በመጨረሻው ምሽት የ36 ዓመቱ ሃዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ የቀኙን ምሰሶ ነክታ ሆም ረን ስትሆን ሬዲዮ እየሰማሁ መኪናዬን ዳር አስይዤ አቆምኩ።

አሁን ግን ይህን ሁሉ ወደ ጎን ትቼ ስለ ሚያዝያው ጉዞ ልንገራችሁ።

ሁለት የ8ኛ ክፍል ወንዶች የመረጡት ሆምስቴድ ግሬይስን ነበር። ከመካከላቸው አንዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው፣ በአማርኛ ከሁለት ቃል በላይ የማይናገረው ልጅ ነው። ክበቡ ውስጥ የገባው እናቱ ስለመዘገቡት ነው። ግሬይስን የመረጠውም ሌላ የቀረ ቡድን ስላልነበረ ነው።

ግሬይስ ጥቁሮች ከትልቁ የቤዝቦል ሊግ ተከልክለው የራሳቸውን ሊጎች ባቋቋሙበት ዘመን የነበረ ቡድን ነው። ስሙን ያገኘው ፒትስበርግ አጠገብ ካለችው ሆምስቴድ ነው። በ1940ዎቹ ግን ብዙ ጨዋታውን እዚህ ዋሽንግተን ያደርግ ነበር። የነጮቹ የዋሽንግተን ቡድን፣ ሴናተርስ፣ ከከተማ ሲወጡ ግሬይስ ስታዲየማቸውን ተከራይተው ይጫወታሉ። ከ1937 እስከ 1945 የሊጋቸውን ዋንጫ 9 ጊዜ በተከታታይ እንደወሰዱ ይነገርላቸዋል። በ1943፣ በ1944 እና በ1948 የጥቁሮች ወርልድ ሲሪስን አሸንፈዋል። ይህን ሁሉ ያደረጉት በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየተንከራተቱ፣ ብዙ ሆቴልና ምግብ ቤት እየከለከላቸው ነው። ከኮከቦቻቸው ሁሉ የበለጠው ጆሽ ጊብሰን ነበር። ጊብሰን ቀላቢ ነው።

ያ ስታዲየም፣ ግሪፊዝ ስታዲየም፣ በ1965 ፈረሰ። ቦታው ላይ የተሠራው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ልጁ ይህን ካነበበ በኋላ ለብቻዬ ሊያናግረኝ መጣ። «መምህር፣ እኔ እዚያ ነው የተወለድኩት» አለኝ፤ በአማርኛ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጠየቅን። ከ17ቱ አምስቱ እዚያ የተወለዱ ሆነው ተገኙ።

እንሂድ ተባለ። የተከራየነው አውቶቡስ በቀጠሮው ሳይመጣ ቀረ። አንድ ሰዓት ከጠበቅን በኋላ በሜትሮ ተሳፍረን ሾው ጣቢያ ወረድን፤ የቲኬቱን እኔና ሁለት እናቶች ከፈልን። በ7ኛው ጎዳና ወደ ላይ ሄደን ፍሎሪዳ ጎዳናን ስንሻገር ጆርጂያ ጎዳና ይጀምራል፤ ሆስፒታሉ እዚያው ነው። ሰፈሩን ታውቁታላችሁ። ስንቶቻችን እዚያው 9ኛው ጎዳና ላይ በልተናል፣ ተሞሽረናል፣ ለቅሶ ደርሰናል። ከዚያ ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ የአገሪቱ ምርጥ መቺ ይጫወት እንደነበር ግን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም ብሆን።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሆም ፕሌት የነበረበትን ቦታ የሚያሳይ ምልክት አለ። አስቀድመን ፈቃድ ጠይቀን ስለነበር አምስት አምስት እየሆንን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ገባን። ልጁ ጽሑፉን ከኪሱ አወጣ። ሊያነብ ሲጀምር የጽዳት ጋሪ የሚገፉ አንድ እናት አማርኛ ሰምተው ቆሙ።

«ምን ሆናችሁ ነው እዚህ የተሰበሰባችሁት?» አሉ።

እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ልጁ ቀደመኝ። «እዚህ ሜዳ ነበረ። አንቺ የቆምሽበት… ይቅርታ፣ እርስዎ የቆሙበት ቤት ነው» አላቸው። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈው። ስለ ጆሽ ጊብሰን በቃሉ ነገራቸው። ጊብሰን እዚህ፣ ከቤት ጀርባ፣ ቁጢጥ ብሎ ይቀልብ እንደነበር። ትልቁ ሊግ በጥቁርነቱ እንዳላስገባው። በጥር 1947 በ35 ዓመቱ እንደሞተ፤ የዶጀርሱ ሮቢንሰን የትልቁን ሊግ በር ለጥቁሮች ከፍቶ የገባው ደግሞ በዚያው ዓመት በሚያዝያ 15 እንደሆነ። «ሦስት ወር ብቻ!» አለ፤ ጣቶቹን እያሳየ። በ2024 የጥቁሮች ሊጎች መዝገብ ከትልቁ ሊግ መዝገብ ጋር ሲቀላቀል የጊብሰን የመምታት አማካይ 372 ከ1000 ሆኖ እስከዚያ አንደኛ የነበረውን ታይ ኮብን እንደበለጠ፣ አሁን ከሁሉም አንደኛ እርሱ እንደሆነ ጨመረላቸው። አንዳንዱን ቃል ተሳስቷል። አንዱንም አላረምኩም።

እኒያ እናት ጋሪያቸውን ለቀው ምልክቱን አዩት። «እኔ እኮ ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ ሳልፍ ነው የኖርኩት» አሉ። ከዚያ ልጁን በሁለት እጃቸው ጉንጩን ይዘው «እሰይ የኔ ጌታ፣ ተባረክ» ብለው ሳሙት። «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉት የእናቱን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም በተራ ነገራቸው።

«አንቺ» ብሎ ጀምሮ ራሱን ያረመባትን ያቺን ሰከንድ ለማየት ለብዙ ዓመታት አስተምሬያለሁ። አንቱታን በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ። ያን ቀን ግን ያረመው ሰው አልነበረም። ይህን ስጽፍም ዓይኔ እንባ ይሞላል።

ግንቦት ላይ ድምፅ ሰጠን። ግሬይስ 8፣ ብሩክሊን 5፣ ናሽናልስ 4። የማሪነርስ ልጆች እንኳ ለግሬይስ ነው የሰጡት። አንደኛው ምክንያቱን ሲናገር «የሌሎቹን አሸናፊነት ሰው ሁሉ አይቶታል፤ እነሱ የሚያያቸው ባይኖርም እንደዚያው ተጫወቱ» አለ። ሁሉም ሰው አላያቸውም ለማለት ፈልጎ ነው እንጂ ተመልካችስ ነበራቸው፤ ይህንም ቢሆን ጓደኛው አረመው። እኔ ከዚህ የተሻለ ማለት አልችልም።

አሁን ስለ ገንዘብ በግልጽ ልናገር። ለ17 ልጆች ያለን ዘጠኝ ጓንትና ሁለት ዱላ ነው። የምንሰበሰበው ከኩሽናው አጠገብ ባለው ዕቃ ቤት፣ በወንበር ቁልል መካከል ነው። የእግር ኳስ ክበቡ በየዓመቱ አዲስ መለያ ይለብሳል፤ ልጆቹ ስለሚገባቸው ደስ ይለኛል። የእኛ ክበብ ግን በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤቱ በጀት ያገኘው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ስለ ቤዝቦል ተከራክረን አንድም ጨዋታ ስታዲየም ገብተን አላየንም፤ የቲኬቱ ገንዘብ አልሞላልንም። ናሽናልስ ፓርክ በር ላይ የጆሽ ጊብሰን ሐውልት አለ። በሚቀጥለው ዓመት ልጆቹን እሱ ሥር አቁሜ ፎቶ ማንሣት እፈልጋለሁ። ከዚያ ገብተን የጨዋታውን ዘጠኝ ዙር፣ ዘጠኙንም ኢኒንግ፣ እናያለን።

የወላጆች ኮሚቴ ክበቡ ቋሚ ክፍል እንዲያገኝና የአንድ ጉዞ ወጪ እንዲሸፈንለት እንዲወያይበት ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። በስብሰባው የጠየቁኝ አባት አሁን ሐሳባቸው ምን እንደሆነ ቢነግሩን ደስ ይለኛል፤ ልጃቸው ከናሽናልስ አራት ጠበቆች አንዱ ነው።

ጋራዣችሁ ውስጥ ልጃችሁን የጠበበው ጓንት ካለ ቅዳሜ ጠዋት ለቢሮ ስጡልን። ያረጀም ቢሆን እናሰፋዋለን። ለግራኝ የሚሆን ከተገኘ ደግሞ ቅድሚያ እንሰጠዋለን፤ ሁለት ግራኞች ዓመቱን ሙሉ በማይሆናቸው ጓንት ነው የቀለቡት።