ቀለሙና ጣሪያው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ክረምት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአንዲት አሮጊት ጎረቤቴን ቤት ቀለም ቀቡ። ረፋድ ላይ መጡ፣ ባነራቸውን ሰቀሉ፣ ግድግዳውን ውኃ ሰማያዊ አደረጉት፣ ከእማማ ጋር ፎቶግራፍ ተነሡ፣ ከምሳ በፊት ሄዱ። ልፋታቸውን አላጣጥልም፤ አንደኛው ልጅ ሸሚዙ እስኪበላሽ ነው የሠራው።

በእኛ ጊዜ አገልግሎት ሌላ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ማገልገል ነበረበት፤ ያላገለገለ አይመረቅም። አብዛኞቻችን በአስተማሪነት ተመደብን። እኔ በ1961 ዓ.ም. ጋሞ ጎፋ፣ ጨንቻ ደረሰኝ። እያጉረመረምኩ መሄዴን አልደብቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማሪዎቼ አንዱ ዶርዜ፣ ሸማኔ አባቱ ዘንድ ይወስደኝ ነበር። ቤታቸው ከቀርከሃ የተሠራ፣ ከሩቅ ሲታይ ዝሆን የሚመስል ነው። አንድ ቀን የቤቱን እግር ምስጥ በልቶት ጎረቤት ተጠራ። የተበላው ተቆረጠና ቤቱን እንዳለ ተሸክመን ሌላ ቦታ አቆምነው፤ እኔም ትከሻዬን ሰጠሁ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ ባይ፣ ሰውየው የድሩን ክር በቃላቸው ቆጥረው ጥለት ሲያወጡ ደብተር ይዤ ልከተላቸው ሞክሬ ጠፋብኝ። ማታ እሳቸው ከእኔ ፊደል፣ እኔ ከእሳቸው ጋሞኛ እንማር ነበር። እኔ የባስኩ ደካማ ተማሪ ነበርኩ።

ዛሬ የልጅ ልጄ ትምህርት ሚኒስቴር መድቧት ደቡብ ውስጥ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። የከተማው ሰው «እንደምን አደራችሁ» የሚለው እንዴት ብሎ ነው ብላት፣ «አባባ፣ እኛ እኮ ከግቢ ብዙም አንወጣም» አለችኝ። ያን ሁሉ አገር አቋርጣ የገባችው አጥር ውስጥ ነው!

ግዴታው ይመለስ አልልም፤ የድሃ ልጅ ደመወዝ የሚይዝበትን ቀን አንድ ዓመት ያስረዝም ነበር። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲዎቻችን አገልግሎቱን ከኮርስ ጋር አያይዘው ነጥብ ቢሰጡበት፣ ተማሪውም ሴሚስተሩን ሙሉ በየሳምንቱ ወደ አንድ ቤት ቢመላለስ ምን ያቅታል? የምህንድስናው ተማሪ ጣሪያ ይመለከታል፤ የታሪኩ ተማሪ ቁጭ ብሎ ይጠይቃል።

እማማን የጠየቃቸው ቢኖር ከቀለሙ በፊት ጣሪያውን ነበር የሚሉት። በሩ አጠገብ ያፈስሳል። ትናንት ማታ ዝናብ ስለ ነበር ጎራ ብዬ ነበር፤ ባልዲው እዚያው ነው።

ጡረተኛ የሒሳብ መምህር
ከአዲስ አበባ