ያረጀ ዘይት በቫይታሚን ኢ አይታደስም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በእርሻ ዓምዳችሁ ስለ መኖ ወጪ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ከሆቴሎች የሚሰበሰብ የመጥበሻ ዘይት በአሳማ መኖ ላይ ቢጨመር እንደሚያዋጣ፣ ዘይቱ ቢያረጅም ቫይታሚን ኢ በመጨመር ማስተካከል እንደሚቻል ተገልጿል። የመጀመሪያው ሐሳብ በከፊል እውነት ነው፤ ቅባት ከስታርች ይልቅ በእኩል ክብደት ከእጥፍ በላይ ኃይል ይሰጣልና። ሁለተኛው ግን እኔም አምኜው የከሰርኩበት ስለሆነ እርማት እንዲደረግበት እጽፋለሁ።

ከአንድ ሆቴል በጀሪካን የገዛሁት ዘይት ጠቁሮና ወፍሮ፣ የቤት ቀለም ቀለም ይሸት ነበር። በጣቴ ነክቼ ብቀምሰው ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ቢሆንም ርካሽ ነበርና ቫይታሚን ኢ ጨምሬ ከበቆሎና ከፉርሽካ ጋር አስደባለቅሁት። አሳማ ያገኘውን ሁሉ ይበላል ይባላል፤ የእኔዎቹ ግን ገንዳውን እያሸተቱ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ርቧቸው የበሉትም በወሩ መጨረሻ ሲመዘኑ ከጠበቅሁት በታች ሆኑ።

ዘይት አየርና ሙቀት ሲያገኘው በመጀመሪያ ፐሮክሳይድ የሚባል ውህድ ይፈጠራል፤ ፐሮክሳይዱ ሲፈርስ ደግሞ አልዲሃይድ የሚባሉ ጎጂ ውህዶች ይከተላሉ። በዚህ ምክንያት የፐሮክሳይድ ልኬቱ ዝቅ ያለ ዘይት ሁሉ ትኩስ አይደለም፤ ከፍታውን አልፎ የወረደ ሊሆንም ይችላል። በአሜሪካ በተደረገ ሙከራ የአኩሪ አተር ዘይት አየር እየተነፋበት በ45 ዲግሪ ለ288 ሰዓት፣ በ90 ዲግሪ ለ72 ሰዓት፣ በ180 ዲግሪ ለ6 ሰዓት ሞቆ ለአሳማዎች ሲቀርብ፣ ዕድገታቸውን ይበልጥ የጎዳው በ180 ዲግሪ የሞቀው ሳይሆን በ90 ዲግሪ ለሦስት ቀን የቆየው ነበር። ምድጃ ዳር ለረጅም ጊዜ ሞቆ የሚውለው ጀሪካን ሊያሳስበን የሚገባውም ለዚህ ነው።

አንቲኦክሲዳንት፣ ማለትም እንደ ቫይታሚን ኢ ያለ የቅባትን መበላሸት የሚከላከል ንጥረ ነገር፣ የሚሠራው የመበላሸቱን ሰንሰለት በመቁረጥ ስለሆነ ዘይቱ ገና ትኩስ ሳለ መግባት አለበት፤ የተፈጠረውን አልዲሃይድ መልሶ ዘይት አያደርገውም። በመኖ ላይ የሚጨመረው ቫይታሚን ኢ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአሲቴት መልክ የተዘጋጀ ነው፤ ይህም በመጋዘን እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል እንጂ፣ በእንስሳው አንጀት ውስጥ እስኪፈታ ድረስ ሥራ ስለማይጀምር ከረጢት ውስጥ ያለውን መኖ አይከላከልም። ጥቅሙ ለአሳማው ሰውነት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. ለአዳጊ አሳማ በኪሎ መኖ 11፣ ለእርጉዝና ለምታጠባ እናት 44 ዓለም አቀፍ ዩኒት (የቫይታሚን መለኪያ) ቫይታሚን ኢ ይበቃል ያለው ጤናማ መኖን አስቦ እንጂ የተበላሸ ቅባትን አይደለም። የተበላሸ ቅባት የሰውነትን የቫይታሚን ኢ ክምችት ይጨርሳል፤ ሴሊኒየም የተባለው ማዕድንም ካነሰ በፍጥነት የሚያድግ ግልገል ምንም ምልክት ሳያሳይ በልብ ሕመም ድንገት ሊሞት ይችላል።

ጉዳዩ የአሳማ አርቢዎች ብቻ አይደለም፤ እኛማ ጥቂት ነን፣ ሥራችንን ስንናገር ፊቱን የሚያዞርብንም ብዙ ነው። በመጭመቂያ የወጣ የኑግ ፋጉሎ ዘይት ይቀርበታል፤ የኑግ ዘይት ደግሞ አብዛኛው በቀላሉ የሚበላሸው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለ የቅባት አሲድ በመሆኑ፣ ዶሮ አርቢውም ወራት የከረመ ፋጉሎ ሲገዛ ያንኑ ችግር አብሮ ይገዛል። ፕሪሚክስ በሚባለው፣ በመኖ ላይ በሚጨመረው የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ ውስጥ ያለው መዳብና ብረትም መበላሸቱን ያፋጥነዋል፤ ስለዚህ ዘይት የገባበትን መኖ ለሁለት ወር አደባልቆ ማስቀመጥ አይመከርም።

ዓምድ አዘጋጁ በሚቀጥለው እትም የቫይታሚን ኢውን ምክር እንዲያነሱልን፣ መኖ አቀናባሪዎችም በከረጢቱ ላይ መኖው የተመረተበትን ቀንና የተጨመረውን የአንቲኦክሲዳንት ዓይነት እንዲጽፉ እንዲጠይቁልን በአክብሮት አሳስባለሁ።

አንድ አሳማ አርቢ
ከቢሾፍቱ