የ1918ቱ ሕግ ድምፅ የሰጠው ለማን ነበር?

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

የብሪታንያ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጥይት ፋብሪካ ስለደከሙ፣ ለውለታቸው ነው የሚለው በጋዜጣችሁም የወጣ አባባል ሊታረም ይገባል። ቲኤንቲ በተባለው ፈንጂ ቆዳቸው ቢጫ እስኪሆን የሠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1918 አልመረጡም!

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1918 የጸደቀው ሕግ ሴት መራጭ 30 ዓመት እንዲሞላት ያዛል። ይህም አልበቃም፤ ራሷ ወይም ባሏ ቤት ወይም በዓመት ቢያንስ 5 ፓውንድ የሚገመት ይዞታ ሊኖራቸው ይገባል። የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች በሌላ መንገድ ይገቡ ነበር። በአሠሪዋ ቤት የምታድር ያላገባች ሠራተኛ ግን 40 ቢሞላትም አትመዘገብም። ወንድ በ21፣ የዘመተ በ19 ዓመቱ ይመርጥ ነበር። የ30 ዓመቱ ገደብ የተቀመጠው ሴት መራጮች ከወንዶች እንዳይበዙ ተፈርቶ ነው።

ሕጉን ያስቸኮለው የወታደሮቹ ጉዳይ ነው። በአሮጌው ደንብ ቤት ያለው ወንድ 12 ወር ሳያቋርጥ ካልኖረበት ከመራጮች መዝገብ ይወጣ ነበር፤ ፈረንሳይ የዘመተው ይህን እንዴት ያሟላ? መዝገቡ መከፈቱ ካልቀረ የሴቶቹን ጥያቄ ማለፍ አልተቻለም፤ የሴቶች የመምረጥ መብት ንቅናቄ መሪዋ ሚሊሰንት ፎሴትና ጓደኞቿ ለአሥርተ ዓመታት አደራጅተውት ነበርና። ይህን ትግል ትቶ ፋብሪካውን ብቻ ማንሳት በደል ነው።

በኖቬምበር 1918 ደግሞ ሴት በ21 ዓመቷ ለፓርላማ እንድትወዳደር ተፈቀደ፤ 30 ካልሞላት ግን ለራሷ እንኳ ድምፅ መስጠት አትችልም ነበር። የሴቶች የመምረጫ ዕድሜ ከወንዶች ጋር የተስተካከለው በ1928 ነው።

አንባቢያችሁ